መንዝን በሳይክል፣ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ፦ የኛን ስህተት አትድገሙ

አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ትንሹ ልጄ 9። በመካከል እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13 ዓመቷ ልጃችንና ታናሽ ወንድሜ አለን። ኅዳር ላይ ስድስት ሳይክል አይሱዙ ላይ ጭነን ደብረ ብርሃን ገባን። ሐሳባችን በጣርማ በር አድርገን የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ መድረስ ነበር። ደረስን። ግን ሁለት ቀን ያልነው አምስት ቀን ፈጀ። በዳገቱ አላሳብብም፤ ጥፋቱ የኛው ነው።

ቀኑን በኪሎ ሜትር ማስላት

ከጣርማ በር መገንጠያ እስከ መሐል ሜዳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ "በሰዓት 15 ብንሄድ ሻያችንን እዚያ እንጠጣለን" አለ። እኛ ስንሄድ መንገዱ ጠጠር ነበር። በጠጠር ዳገት ላይ አንድ ልጅ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነው። በዚያ ላይ ይርበዋል፣ ሽንቱ ይመጣል፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያይ ይቆማል። ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ይበቃችኋል። ዳገት ከበዛ 25።

መንገድ ስትጠይቁም ተጠንቀቁ። አንድ ገበሬ በአገጩ ወደ ማዶ እያሳየ "ቅርብ ነው፣ ይችን ዳገት ስትጨርሱ" አለን። ሦስት ዳገት ጨረስን። ሰውየው አልዋሸም፤ በእግሩ፣ በአቋራጭ ለሚሄድ ቅርብ ነው። መላውን ያገኘው አባዬ ነው። "ስንት ኪሎ ሜትር ይቀራል?" የሚለውን ትቶ "አሁን ብንነሳ የት ይመሽብናል?" ማለት ጀመረ። ለዚህ የሚሰጡት መልስ አንድም ቀን አልሳተም።

የመንገዱን ሰላምም እንዲሁ እዚያው ያሉትን ሰዎች ጠይቁ፤ ከመነሳታችሁ በፊት። ካልተረጋገጠ ቅሩ። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ "እስቲ እንሞክረው" አይባልም።

ጉልበተኛውን ከፊት ማስቀደም

ጣርማ በር አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ የራስን መሪ ማየት ያቅታል። ወንድሜ ፖምፓውንና መፍቻውን ይዞ ቀድሞን ሄደ። የልጄ ጎማ ከኋላ ተነፈሰ። ስልክ የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ፖምፓ የለም። ሃምሳ ደቂቃ ቆመን ጠበቅነው። ተመልሶ ሲመጣ "ምን ሆናችሁ ነው?" ይላል ደግሞ!

ከዚያ ወዲያ ከፊት የሚሄደው የ9 ዓመቱ ልጅ ሆነ። ሁላችንም በሱ ልክ ሄድን። ወንድሜ መሣሪያውን ይዞ ከመጨረሻ።

ቁልቁለቱን ፍሬን ይዞ መጨረስ

ይህን በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የሚያስፈራው ይሄ ነው። ልጆቹ ቁልቁለቱን እንዲያዩ ብለን የጣርማ በርን የመኪና ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ወረድን። (ይህም ራሱ ስህተት ነው፤ በማግስቱ ሳይክሎቹን በመኪና ጭነን ዳገቱን ተመለስን።) ዋሻው ጣሊያን የሠራው ነው፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ውስጡ ጨለማ፣ ከኋላ የጭነት መኪና። የፊትና የኋላ መብራት ከሌላችሁ ሳይክሉን መኪና ላይ ጭናችሁ እለፉት።

ከዋሻው በታች ባለቤቴ ፈርታ ፍሬኑን አንዴም ሳትለቅ ወረደች። ድንገት እንደ ጥይት ጮኸ። የኋላ ጎማዋ ፈነዳ። ደግነቱ በዝግታ ነበር የምትሄደው። ቸርኬውን በጣቴ ብነካው አቃጠለኝ። ፍሬኑ ጎማውን የሚይዘው በጠርዙ ከሆነ ሙቀቱ የሚያርፈው እዚያው ነው፤ ውስጥ ያለው አየር ይግላል፣ የውስጥ ጎማው ይፈነዳል። ስለዚህ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ። ሁለቱንም ፍሬን። በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ማቀዝቀዝ። እስከ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ነው የምትደርሱት፤ ጃኬታችሁን ማውለቂያም መቆሚያም ያስፈልጋችኋል።

"ፀሐይ ነው" ብሎ ጓንት መተው

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጠዋት የልጄ ጣቶች ደንዝዘው ፍሬን መጨበጥ አቃታቸው። ካልሲ እጁ ላይ አጠለቅንለት። ጓንት ያዙ፣ ፀሐይ ሞቅ ሳይልም አትነሱ።

ጎሚስታ የማያውቀው ጎማ

የወንድሜ ሳይክል የውድ ነው፤ የጎማው መንፊያ ቀጭን። ያገኘነው ጎሚስታ ደጋግሞ አየውና ሳቀ። መንፊያው እንደ መኪና ጎማ ወፍራም ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላላችኋል።

ምግብ ላይ ብዙ አላወራም። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ነው፤ ልጆቹ እንቁላል ከለመዱ ቀድማችሁ አስቡበት። በሶና ቆሎ ከኪስ አይጥፋ። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ውረዱና ሳይክሉን በመካከል አድርጋችሁ እረኛውን ጥሩ።

አባትን እንደ ዕቃ መጫን

የኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። አባዬን "አንተ ዝም ብለህ አርፈህ ና" አልኩት። ተቀየመኝ። ሁለት ቀን ሙሉ "እሺ" ብቻ። ጓሳ፣ የመንዝ ሕዝብ የሚጠብቀው የሣር ምድር ላይ፣ መሸብን። ድንኳናችን ቀጭን፣ ነፋሱ ደግሞ የጉድ። አባዬ ምንም ሳይል ወደ አንድ ጎጆ ሄደና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ "ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን" አለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ እሳት ዳር ነበርን፤ የቤቱ ልጅ የአባዬን እግር ያጥባል።

በማግስቱ ሥራ ሰጠሁት። መንገድ ጠያቂውም፣ ማደሪያ ፈላጊውም እሱ ሆነ። ለልጆቹ የጓሳን ሣር እየነካ ያስረዳል፦ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛው ለሚለብሰው ገሳ እንደሚሆን፤ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ እየጠበቀ እንዳቆየው። እኔ ይህን ብነግራቸው አይሰሙኝም ነበር።

መመለሻውንም በፔዳል ማሰብ

አትሞክሩት። መሐል ሜዳ ስንደርስ የአባዬ ጉልበት አብጦ ነበር። አውቶቡስ ያዝን። ረዳቱ ሳይክሎቹን ጣራ ላይ አሰረና ለእያንዳንዱ የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀን። አባዬ ቀና ብሎ አያቸውና "እንግዲያው ውረዱና ወንበር ይዛችሁ ተቀመጡ በላቸው" አለው። ግማሽ ከፈልን።