ቀለም ተሞልቶ ነጭ ወረቀት ሲወጣ፦ ካርትሪጅ ቤታቸው ለሚሞሉ ችግርና መፍትሄ

የፕሪንተር ቀለም ካርትሪጅ እንዴት እንደሚሞላ እዚህ አላስተምርም። እሱን ታውቁታላችሁ። ላዩ ላይ ያለው ስቲከር ይነሳል፣ ቀለሙ በመርፌ ቀስ ተብሎ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል፣ ይጠረጋል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ገመዱ መሰካቱን፣ ወረቀት መኖሩንም አይታችኋል ብዬ ልለፈው። የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከሰው ቤት፣ ከተማሪዎች፣ ከትንንሽ ቢሮዎች እየመጡ እጄ የሚገቡት አብዛኞቹ ኤችፒ 122፣ 123፣ 650 ወይም ካኖን 445 እና 446 ናቸው። የእነዚህ ቀለም መርጫ አፍ እዚያው ካርትሪጁ ላይ ነው። የምለው ሁሉ በነሱ ልክ ነው።

አዲስ ጥቁርና ባለቀለም ካርትሪጅ አንድ ላይ ሲገዛ ሒሳቡ ወደ ፕሪንተሩ ዋጋ ይጠጋል። ተራው ጥቁር ኤችፒ 123፣ አምራቹ ራሱ እንደሚለው፣ የሚያወጣው 120 ገጽ ገደማ ነው። የአንድ ተማሪ ማሟያ ጽሑፍ ሁለት ኮፒ ላይደርስበት ይችላል። ስለዚህ በሚሞላ ሰው አልፈርድም። የምፈርደው ሞልቶ ካበቃ በኋላ በሚያደርገው ነው።

ችግር፦ ቀለም አለው፣ ወረቀቱ ግን ነጭ ወይም የተተለተለ ነው

ከሚመጡልኝ ውስጥ ይሄ ይበዛል፤ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው። ካርትሪጁን ስታነሱት ይከብዳል። ፕሪንተሩ ድምፁ ደህና ነው፣ ወረቀቱን ይስባል፣ ያወጣል። ወረቀቱ ላይ ግን ወይ ምንም የለም፣ ወይ ፊደሎቹ በነጭ መስመር ተቆራርጠዋል። ያኔ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያደርጋል፤ ቀለም ይጨምራል። አትጨምሩ። ቀለም አላነሰውም። አፉ ደርቋል።

አፉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። እዚያ ላይ ያለው ቀለም ትንሽ ከተነፈሰ ይረጋል፣ ከዚያም ይደርቃል። ለዚህ ሲባል ፕሪንተሩ ውስጥ በአንድ ጎን ለስላሳ ጎማ አለ። ፕሪንተሩን በራሱ በተን ስታጠፉት ካርትሪጁ ወደዚያ ሄዶ ጎማው ላይ ይቀመጣል፣ አፉም ይከደናል። ከሶኬት ስትነቅሉት ወይም ዲቫይደሩን ጠቅ አድርጋችሁ ስታጠፉት ግን ካርትሪጁ በነበረበት ይቆማል። መሃል መንገድ ላይ ከነበረ አፉን ከፍቶ ያድራል። መብራት ሲሄድም ያው ነው።

እኛ ጋ ደግሞ አየሩ ያግዘዋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይና ነፋስ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ከንፈር የሚሰነጥቅ አየር ለካርትሪጅ አፍ አይራራም። በክረምት ሁለት ሦስት ቀን ችሎ የሚያድር ካርትሪጅ፣ በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ተከፍቶ ካደረ ጠዋት አይጽፍም።

አንድ ቢሮ ነበር፤ ስሙን ልተወው። ጸሐፊዋ ያንኑ ጥቁር ካርትሪጅ እየመላለሰች ታመጣለች። አጥቤ፣ ሞክሬ፣ ሲጽፍ አሳይቼ እሰጣታለሁ። ሰኞ ተመልሳ ትመጣለች። «ቀለምህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» ትለኛለች። በመጨረሻ ሄጄ አየሁት። ዘበኛው ጋሼ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ሲዘጉ በየክፍሉ እየዞሩ ዲቫይደር ያጠፋሉ። መብራት እንዳይቆጥር ነው፣ ደግ አስበው ነው። ፕሪንተሩ ገና ወረቀት እየተፋ እያለ ነው የሚጠፋው። ዓርብ ማታ ተከፍቶ የቀረ አፍ ሰኞ ጠዋት ምን ይሆናል? በዲቫይደሩ ማብሪያ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ ለጋሼም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የመጣችው ቀለሙ በትክክል ሲያልቅ ነው።

ሌላው ደግሞ የሠርግ ነው። ጥር ሲመጣ የጥሪ ካርድ የማይሠራ ወጣት የለም። አንዱ ልጅ በካኖን ካርድ እያወጣ ሳለ መብራት ሄደ። እሱም ተኛ። ጠዋት ቀዩ ጠፋ፤ ሙሽራና ሙሽሪት አረንጓዴ ፊት ይዘው ወጡ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የማጽጃ ትእዛዝ አገኘና ጫነው። አልሆነም፣ ደገመው። አሁንም አልሆነም፣ ሰለሰው። እንዲህ እያለ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ያ ትእዛዝ የሚሠራው ቀለም በኃይል በመሳብ ነው። የተሳበው ቀለም ደግሞ የትም አይጠፋም፣ ፕሪንተሩ ሥር ያለ ስፖንጅ ውስጥ ይገባል። ፕሪንተሩም ስንት እንደገባ ይቆጥራል። እኔ ጋ ሲመጣ ካርትሪጁ ባዶ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ 5ቢ00 የሚል ኮድ። የቆሻሻ ቀለም መያዣው ሞልቷል፣ ከዚህ በኋላ አልሠራም ማለት ነው። አፉን በለብ ያለ ውሃ ቢያርሰው ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር። ማጽጃውን ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ። ከዚያ በላይ ቀለም መድፋት ነው።

መፍትሄው ይኼ ነው። መጀመሪያ የኖዝል (የቀለም መርጫው አፍ) መፈተሻ ገጹን አውጡና የትኛው ቀለም እንደጎደለ እዩ። ካርትሪጁን አውጡ። ሶፍት አራት እጥፍ አጥፋችሁ ለብ ባለ ውሃ አርጥቡት፤ መርጠብ አለበት እንጂ መንጠባጠብ የለበትም። ካርትሪጁን ቀጥ አድርጋችሁ አፉን በሶፍቱ ላይ አስቀምጡና በቀስታ ተጫኑት። አትሹት። አንድ ደቂቃ ቆዩና አንሱት።

አሁን ሶፍቱን እዩት። ጥቁር ከሆነ አንድ ወፍራም መስመር ጥርት ብሎ መታተም አለበት። ባለቀለሙ ከሆነ ጎን ለጎን ሦስት መስመር ይተዋል፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ። ቢጫው በነጭ ሶፍት ላይ ስለማይጎላ ወደ መስኮት ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ መስመር ግማሹ ብቻ ከወጣ ያ ግማሽ ደርቋል። ሦስቱም እስኪሞሉ ንጹህ ሶፍት እየቀያየራችሁ ድገሙት። ካርትሪጁን ሶፍት ላይ ትታችሁ ወደ ቡና እንዳትሄዱ። ሶፍት ይጠጣል፤ ስትመለሱ የሞላችሁትን ሁሉ ጠጥቶት ታገኙታላችሁ።

በሶፍት እምቢ ካለ የስኒ ማስቀመጫ አምጡ። ለብ ያለ ውሃ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አድርጉበትና አፉን ብቻ አስነኩት፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ከጎኑ ያሉት የመዳብ ነጥቦች ውሃ አይንካቸው። ከነካቸው በደንብ ሳታደርቁ ፕሪንተሩ ውስጥ አታስገቡት፣ ሾርት ያደርጋል። ከዚያ ወደ ሶፍቱ ተመለሱ።

ይህም ካልሠራ መሳብ ነው። መርፌው የተነቀለለት ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ለስላሳ ጎማ አድርጋችሁ አፉ ላይ ግጠሙትና በዝግታ ሳቡ። ቀለም ብቅ ሲል አቁሙ። ከላይ ባለው ቀዳዳ በአፋችሁ መንፋት ግን የለም። ምራቅ ይገባል፣ ባለቀለሙ ላይ ደግሞ አንዱን ቀለም ወደ ሌላው ትገፋላችሁ።

ስለ ውሃው። የቧንቧም የጉድጓድም ውሃ ማዕድን አለው፤ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይተዋል፣ ያ ዱቄት ራሱ አፉን ይደፍናል። ማፍላት ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። ደህናው ዲስቲልድ፣ ማለትም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። የባትሪ ውሃ ሲባል ግን ተጠንቀቁ። በዚያ ስም አሲዱንም የሚሰጣችሁ ሻጭ አለ። አሲድ ከሆነ ካርትሪጁም ጣታችሁም አለቁ። ጠይቁ፣ ጠርሙሱን አንብቡ።

አረቄም አይሆንም። ይኼን የምጽፈው ስላጋጠመኝ ነው። «አልኮል አይደል እንዴ?» ብሎ አንድ ሰው የደብረ ብርሃን አረቄ በስኒ ቀድቶ ካርትሪጁን ነክሮት አምጥቷል። ክፍሉ ሠርግ ቤት ሸተተ፤ ቀለሙ ደግሞ አፉ ላይ ጓጉሎ እንደ ዝቃጭ ተቀምጧል። አረቄ ለብርድ ነው። ቤንዚን፣ ቲነር፣ አሴቶንም የለም። አፉን የያዘውን ማጣበቂያ ይበሉታል።

ሁሉን ሞክራችሁ ሶፍቱ ላይ መስመሩ ደህና ታትሞ፣ ወረቀት ላይ ግን ካልመጣ አፉ ተቃጥሏል። ኤችፒና ካኖን ቀለሙን በሙቀት ፊኛ አስነስተው ነው የሚረጩት፤ የሚያቀዘቅዛቸውም ያው የሚያልፈው ቀለም ነው። ባዶ ሆኖ «ትንሽ ገጽ ብቻ ቀረኝ» ብላችሁ ስታስጨርሱት አፉ ይቃጠላል። የተቃጠለ አፍ በውሃ አይመለስም። ስለዚህ ጽሑፉ መደብዘዝ ሲጀምር ሙሉ። ጥፍት እስኪል አትጠብቁ።

መብራት በመሃል ከሄደም ሲመጣ ፕሪንተሩን አብሩት፣ ተንቀሳቅሶ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ በበተኑ አጥፉት። በደረቁ ወራት ሥራ ባይኖርም በሳምንት አንድ ገጽ፣ ሦስቱም ቀለም ያለበት፣ አውጡ።

ችግር፦ ጥቂት መስመር ጽፎ ይጠፋል፣ አርፎ ይመለሳል

መንስኤው አየር ነው። ካርትሪጅ ቀለም ሲወጣለት በምትኩ አየር መሳብ አለበት። ፋብሪካው የለጠፈው ስቲከር ሥር ቀጫጭን ቦይ አለ፣ አየሩ በዚያ ይገባል። ሰው ሞልቶ ሲያበቃ «እንዳይፈስ» ብሎ በወፍራም ፕላስተር ድፍን ያደርገዋል። ካርትሪጁ ታፈነ። ፕላስተሩን አንሱት፣ የድሮውን ስቲከር መልሱ፣ ወይም በፕላስተሩ ላይ በመርፌ ቀዳዳ አድርጉ።

ፕላስተር ሳይኖር ከሆነ ደግሞ ሲሪንጁን በጥድፊያ ገፍታችሁት ስፖንጁ ውስጥ አረፋ ቀርቷል። አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ያህል አቁሙትና በሶፍት ሞክሩት። ጥቁሩን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ ባለቀለሙን በየክፍሉ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ጠብታ በጠብታ ሙሉ። መርፌውን እስከ ታች አትስደዱት፤ ሥር ላይ ማጣሪያ ወንፊት አለ፣ ይበሳል።

ችግር፦ ይንጠባጠባል

አብዛኛው ጊዜ ከመጠን በላይ ተሞልቷል። ከላይ ካለው ቀዳዳ ትንሽ መልሳችሁ በሲሪንጅ ሳቡ።

መንገድ ላይ የፈሰሰ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ሸዋሮቢት ላይ ሞልተው፣ በፕላስተር ጠርቅመው፣ ጣርማ በርን አቋርጠው ደብረ ብርሃን የሚያመጡ አሉ። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ የጣርማ በር ዋሻ ላይ ከ3,000 በላይ ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር የውጪው አየር ይሳሳል፣ ካርትሪጁ ውስጥ የታፈነው አየር ይለጠጣል፣ ቀለሙንም በአፉ ገፍቶ ያስወጣዋል። ቦርሳ ውስጥ ያለ የትምህርት ማስረጃ ሁሉ ጠቁሮ አይቻለሁ። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው አየር በአፉ ይገባና «ደብረ ብርሃን ላይ ሲጽፍ ነበር፣ ሮቢት ላይ እምቢ አለ» ይባላል። የላዩን ቀዳዳ ክፍት ተዉት፣ ካርትሪጁን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በክዳን ዕቃ ያዙት። ከዚያ ይሻላል የምለው ግን ባዶውን ወስዶ እዚያው መሙላት ነው።

ችግር፦ ቀለሙ ይፈሳል፣ ይደበዝዛል፣ ወይም በሁለተኛው ሙሌት አፉ ተደፈነ

«ለሁሉም ፕሪንተር ይሆናል» የሚል ጠርሙስ ገዝታችኋል። ለሁሉም የሚሆን ቀለም የለም! የኤችፒና የካኖን ጥቁሩ በብዛት ፒግመንት ነው፣ ደቃቅ ዱቄት ያለው፤ ባለቀለሙ ዳይ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ። ፒግመንት ባለቀለሙ ውስጥ ከገባ ይደፍነዋል። ዳይ ጥቁሩ ውስጥ ከገባ ይጽፋል፣ ግን ዝናብ ሲነካው ይንዠቀዠቃል፤ በሐምሌ ማመልከቻ ይዞ የወጣ ሰው ያውቀዋል። መለያው ቀላል ነው። ጠብታ ወረቀት ላይ አድርጉ፣ ይድረቅ፣ ውሃ ጣል አድርጉበት። ብዙም ካልተንቀሳቀሰ ፒግመንት ነው። የኤፕሰን ኤል ታንክ ቀለም ተርፎኛል ብላችሁም እዚህ አትሙሉት፤ ኤፕሰን በሙቀት አይረጭም፣ ቀለሙም ለሙቀት አልተሠራም።

የቀሩት

ቀለም ከተደባለቀ የተሳሳተ ቀዳዳ ውስጥ ሞልታችኋል። ከመሙላታችሁ በፊት በየቀዳዳው የተለያየ የጥርስ መጎርጎሪያ ከታችሁ የሚወጣውን ቀለም እዩ። የቀዳዳው ቅደም ተከተል ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ በግምት አይሆንም።

«ቀለም አልቋል» ካለ ቁጥሩን ነው የሚያየው፣ የሞላችሁትን አያውቅም። ካኖን ላይ ኢ13 ወይም ኢ16 ሲመጣ የማቆሚያውን በተን ከ5 ሰከንድ በላይ ተጭናችሁ ያዙ። ኤችፒ ላይ እሺ ብላችሁ እለፉት።

«ካርትሪጁን አላወቅኩትም» ካለ የመዳብ ነጥቦቹ ላይ ቀለም ደርቋል። ብናኝ በማይለቅ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ። ፕሪንተሩ ውስጥ ያሉትንም፣ ነቅላችሁ። አሁንም እንቢ ካለ ካርትሪጁ ሞቷል።

ሲሪንጁ ለየቀለሙ የየራሱ ይሁን፣ አጥባችሁም አታለዋውጡ። መርፌውን ስትጥሉ ክዳኑን ግጠሙና የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ክዳኑን አጥብቁ፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ሰዎች በባዶ እጃቸው ነው የሚሠሩት።