የፀሐይን ነጠብጣቦች በባይኖኩላር ወረቀት ላይ ማውረድ

ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ባይኖኩላሬን የገዛሁት ሰሜን ተራሮች ላይ ለእንግዶች ጭላዳና ዋልያ ለማሳየት ነበር። እንግዳ በሌለ ሳምንት ግን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢያችን በርጩማ ላይ ታስሮ የፀሐይን ምስል ወረቀት ላይ ሲያወርድ ያረፍዳል። ስለ ፀሐይ በየጊዜው የሚወጣው የምርምር ዜና ከጆሮው አልፎ እንዲገባው የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አንድ ወር ጥቁር ነጠብጣቦቿን በገዛ እጁ ይሣል ባይ ነኝ።

ከሁሉ በፊት፦ በዚህ ሥራ ማንም ሰው በባይኖኩላሩ ውስጥ ፀሐይን አያይም። ለቅጽበትም ቢሆን። የዓይናችን የውስጥ ክፍል ሲቃጠል ሕመም አይሰማውም፤ የሚታወቀው ከተጎዳ በኋላ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሹ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ እዚህ ጎንደርም ራጅ ፊልም ዓይኑ ላይ የደገነ ሰው አይቻለሁ። ራጅ፣ ሲዲ፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ አንዱም አይሆንም። አይኤስኦ 12312-2 የሚል የታተመበት እውነተኛ የግርዶሽ መነጽርም ለባዶ ዓይን ብቻ ነው። እሱን አድርጎ በባይኖኩላር ማየት ዓይንን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ሌንሱ የሚሰበስበው ሙቀት መነጽሩን ይበሳዋል። ግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ አንድ ትልቅ ሰው ከባይኖኩላሩ አጠገብ አይለይ።

ሌንሱ ከፕላስቲክ ሳይሆን ከመስታወት የተሠራ ባይኖኩላር፣ የካርቶን ቁራጭ፣ ነጭ ወረቀት፣ ፕላስተር፣ እርሳስና ኮምፓስ ይበቃል። የእኔው ላይ 10×50 ይላል፤ 10 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ከዚህ የሰፋ ከሆነ ካርቶን ላይ አነስ ያለ ቀዳዳ በስቶ ፊቱን ማጥበብ ይሻላል፤ አለዚያ ውስጡ ይግላል። ካርቶኑን ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ለአንደኛው የፊት ሌንስ ብቻ ቀዳዳ አውጡለት። ያንን ፊት ላይ ስታስሩት ሁለተኛውን ሌንስ ይሸፍናል፣ ወረቀቱ ላይም ጥላ ይጥላል። ጥላው የግድ ነው፤ ያለ እሱ ምስሉ ይደበዝዝና በቅጡ አይታይም።

ሰዓቱ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ ጠዋት፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት። ጎንደር ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ በሚያዝያ አጋማሽ ደግሞ የቆመ እንጨት ጥላ እስኪያጣ ድረስ። ያኔ ወረቀቱን ከባይኖኩላሩ ሥር መሬት ላይ ማንጠፍ ሊኖርባችሁ ነው፣ አንገትም ወገብም ያልቃል። በዚያ ላይ ከረፋዱ በኋላ መሬቱ ግሎ አየሩ መርገብገብ ይጀምራል። በተለይ በጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አታነጣጥሩ፤ የፀሐይ ጠርዝ ይንቀጠቀጥባችኋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሰማዩ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ክረምቱን እርሱት።

ፀሐይን ለማግኘት በሌንሱ ማየት አያስፈልግም። ባይኖኩላሩን በርጩማው ወይም ትራይፖዱ ላይ አስሩና መሬት ላይ ያለውን ጥላውን እያያችሁ አዟዙሩት። ጥላው ትንሽና ድፍን ሲሆን አቅጣጫው ልክ ነው፤ ከዓይን ሌንሱ በኩል ደማቅ ክብ ይወጣል። ወረቀቱን ከዓይን ሌንሱ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ ስትይዙ፣ 10 እጥፍ በሚያቀርብ ባይኖኩላር ክቡ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። መሃል ላይ ያለውን ማስተካከያ እያዞራችሁ ጠርዙ እስኪጠራ ድረስ አስተካክሉ። ክቡ ግን ዝም ብሎ አይቆይላችሁም፤ ምድር ስለምትዞር ፀሐይ የራሷን ስፋት ያህል በሁለት ደቂቃ ትንሸራተታለች። በየጥቂት ደቂቃው ባይኖኩላሩን ከፀሐይ አዙራችሁ አሳርፉት።

መጀመሪያ ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር ሁሉ ነጠብጣብ አይደለም። ከክቡ ጋር አብሮ የሚንሸራተተው የፀሐይ ነው፤ ክቡ ሲሄድ ባለበት የሚቀረው ሌንሱ ወይም ወረቀቱ ላይ ያለ ቆሻሻ ነው። ወረቀቱን ወዝወዝ አድርጉት፤ እውነተኛው ነጠብጣብ ይበልጥ ይለያል።

አሁን ሣሉ። ቀድማችሁ በኮምፓስ እኩል ክቦች አዘጋጁ፤ የፀሐይን ምስል ክቡ ላይ ግጠሙና ነጠብጣቦቹ ያሉበትን ምልክት አድርጉ። ክቡ ሲንሸራተት የሚቀድመው ጠርዝ ምዕራብ ነው፤ በቀስት አመልክቱት፣ ቀንና ሰዓት ጻፉበት። ምድር እዚህ ሥዕል ላይ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም፤ የፀሐይ ወርድ 109 ምድር ነውና። ጎረቤታችን እማማ ይህን ስነግራቸው፣ «ታዲያ እኛ የታለን፣ ልጄ?» አሉኝ። እርሳሱን አሹዬ አንድ ነጥብ አደረግሁላቸው።

ሥዕሎቹ ሲደራረቡ ነጠብጣቡ ከምሥራቅ ጠርዝ ገብቶ በሁለት ሳምንት ገደማ በምዕራብ ጠርዝ ሲሰወር ታያላችሁ። ፀሐይ ከምድር ስትታይ በ27 ቀን አካባቢ አንድ ዙር ትዞራለች፤ ትልቅ ነጠብጣብ አንዳንዴ ዞሮ ይመለሳል። ጋሊልዮም በ1612 እ.ኤ.አ. በየቀኑ እየሣለ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ወረቀት ላይ የማውረዱን ዘዴ ያመጣለት ተማሪው ካስቴሊ ነበር።

ቁጥርም መያዝ ይቻላል። የስዊዘርላንዱ የሰማይ ተመራማሪ ሩዶልፍ ቮልፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባወጣው ስሌት የነጠብጣብ ቡድኖቹን (ተቀራርበው የሚታዩትን እንደ አንድ ቆጥራችሁ) በ10 አባዙና የነጠላ ነጠብጣቦቹን ብዛት ደምሩ፦ 3 ቡድንና 7 ነጠብጣብ ካለ 37። ዓለም አቀፉን የነጠብጣብ ቁጥር ብራስልስ የሚገኘው የቤልጂየም ንጉሣዊ የሰማይ መመልከቻ ተቋም እስከ ዛሬ በዚሁ መሠረት ያዘጋጃል። የእናንተ ቁጥር ያንሳል፤ መሣሪያው ትንሽ ነውና። ዋናው መውጣት መውረዱ ነው።

ዜናው ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። የፀሐይ ገጽ እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤ ጠንካራ መግነጢስ ከታች የሚወጣውን ሙቀት ያፈነበት ቦታ ይቀዘቅዝና 5,500 ዲግሪ በሚሆነው ገጽ ላይ 3,500 ገደማ ሆኖ ይጠቁራል። ነጠብጣቡ በ11 ዓመት ገደማ ይበዛል፣ ይቀንሳል፤ ይህ አንድ ዑደት ይባላል። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. የጀመረው 25ኛው ዑደት በ2024 መጨረሻ ገደማ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ምድርን የመታው ከፀሐይ የተነሳ የመግነጢስ ማዕበል፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማዕበል መለኪያው የመጨረሻ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ነበር፤ ያስነሳው የነጠብጣብ ቡድን ወርዱ 15 ምድር ያህል ሆኖ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ነው። ሶላር ኦርቢተር የተባለው የአውሮፓ የጠፈር መንኮራኩር ደግሞ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ከምድር ሆነን በደንብ የማናየውን የፀሐይን ደቡብ ዋልታ ፎቶ አንስቶ፣ ሰሜንና ደቡብ መግነጢስ እዚያ ተደበላልቆ አገኘው። መግነጢሱ በየዑደቱ ጫፍ ስለሚገለበጥ፣ ተመራማሪዎቹ ቀጣዩን ዑደት ለመተንበይ ዓይናቸውን የጣሉት ዋልታው ላይ ነው። ጫፉ ስላለፈ ባዶ ክብ የምትሣሉበት ቀን እየበዛ ይሄዳል። ባዶውንም ሣሉት፤ ዜሮ ቁጥር ነው።

ለቀጠሮ የሚሆን ቀን ልስጣችሁ፦ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.። ሉክሶርንና ጅዳን የሚያጨልመው ሙሉ ግርዶሽ ጎንደር ላይ በከፊል ይታያል፤ ከፀሐይዋ ወርድ ከግማሽ በላይ ይሸፈናል፣ ከፍተኛው መጠንም ከቀኑ 7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ክረምት ስለሆነ ደመናው ያሰጋል፤ ክፍተት ከተገኘ ግን ለደቂቃዎች ብቻ ሊሆን ስለሚችል ባይኖኩላሩ ቀድሞ የታሰረ፣ ወረቀቱም በርጩማው ሥር መሬት ላይ የተነጠፈ ይሁን።