ተጠቃሚውን የሚያስታውስ መተግበሪያ ስትሠሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የድሬዳዋ ባለሱቅ ዱቤ በደብተር ይጽፋል። ደንበኛው ሲከፍል እዚያው ፊት ለፊቱ ይሰርዝለታል። ሰው የሚያስታውስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ የምትሠሩ የድሬና የሐረር ልጆች፣ እባካችሁ ይህችን ደብተር አትርሷት።

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም ነገር ማከማቸት ነው። መልሱን የሚጽፈው የቋንቋ ሞዴል በራሱ የትናንቱን ወሬ አያስታውስም። እናንተ ያስቀመጣችሁት ጽሑፍ ከዳታቤዝ፣ ማለትም ከመረጃ ማከማቻው፣ ተፈልጎ ከአዲሱ ጥያቄ ጋር ይላክለታል። የማይጠቅመውን ሁሉ ካጨቃችሁበት ወጪው ይንራል፣ መልሱም ይዝረከረካል።

ሁለተኛው እኛ ጋ የባሰ ነው፤ አንድ ስልክ አንድ ሰው ነው ብሎ ማሰብ። በብዙ ቤት እናት፣ ልጅና እህት አንድ ስልክ ይጋራሉ። እናት ቀን ስለ ስኳር ሕመሟ ጠየቀች እንበል። ማታ ልጇ የሒሳብ የቤት ሥራ ሊያሠራ ሲከፍተው «ስኳርዎ እንዴት ሆነ?» ቢለውስ? ለልጇ ያልነገረችው ጉዳይ በስልኳ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ መተግበሪያው መጀመሪያ ስልኩን ማን እንደያዘው ይጠይቅ። የጤና ነገር ደግሞ ባለቤቱ ሳያነሳው በራሱ አያንሳ።

ቋንቋም አለ። ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ውስጥ አንዲት ነጋዴ በአንድ ወሬ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ታቀላቅላለች። በሶማልኛ የነገረችውን በአማርኛ ስትጠይቅ ካላገኘላት፣ ምኑን አስታወሰ?

ሌላው ያረጀ መረጃን እንደ አዲስ መቁጠር ነው። እርጉዝ ነኝ ያለች ሴት ፅንሱ ወርዶባት ሊሆን ይችላል። ከወራት በኋላ «ሕፃኑ ደህና ነው?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው። እያንዳንዱ ማስታወሻ ቀን ይኑረው።

ማስታወቂያ ላይ «እንደ ጓደኛ ያውቅዎታል» አትበሉ። ሰው ይፈራል፣ መፍራቱም ልክ ነው። «ያለፈውን ትእዛዝዎን ደግመው መናገር የለብዎትም» በሉት፤ ጥቅሙ ይገባዋል።

የመጨረሻው መሰረዣውን መደበቅ ነው። ቻትጂፒቲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 የማስታወስ ችሎታውን መሞከር ሲጀምር፣ ተጠቃሚው የተያዘለትን አይቶ እንዲሰርዝ መንገድ አብሮ ሰጥቷል። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ አንብቡት። ውይይቱ ጠፍቶ ከውይይቱ የተቀዳው ማስታወሻ ከቀረ አልተሰረዘም። ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩት፣ ሰርዙት፣ በማግስቱ በሌላ ቋንቋ ጠይቁት።