የእትብት ደም ስታስቀምጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከባሕር ዳር ልጇን ልታርስ ውጭ አገር የምትሄድ እናት ብዙ ናት። በሶውም፣ የገንፎ ዱቄቱም፣ የተነጠረው ቅቤም ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ስትደርስ ግን ያላሰበችው ጥያቄ ይመጣል፦ «እማዬ፣ የእትብቱን ደም እናስቀምጠው እንዴ?» ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚጣለው ደም ውስጥ ደም የሚሠሩ ስቴም ሴሎች አሉ። በመቅኔ ምትክ ተተክለው ሰው ያድናሉ። ቤተሰብ ሲወስን የሚሳሳትባቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት «ለልጁ ዋስትና ነው» ብሎ ደሙን ለሚያስቀምጥ የግል ባንክ መክፈል ነው። ልጁ ይዞት የተወለደ የዘር በሽታ ካለ፣ የእትብቱ ደምም ያንኑ ይዟል። የደም ካንሰር ቢይዘውም ሐኪሞች የራሱን ደም መመለስ አይመርጡም፤ የካንሰሩ መነሻ ሲወለድ ጀምሮ ደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላልና። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እንደ ዋስትና ማስቀመጥን የማይመክረው ለዚህ ነው። ነገሩ የሚለወጠው ቤት ውስጥ የታመመ ታላቅ ልጅ ሲኖር ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ልጆች ሴሎቻቸው እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። የመጀመሪያው የእትብት ደም ንቅለ ተከላም እንዲሁ ነበር፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ሐኪሟ ኤሊያን ግሉክማንና ባልደረቦቿ ፋንኮኒ አኒሚያ (መቅኔው ደም መሥራት የሚያቅተው የዘር በሽታ) ያለበትን ልጅ በአራስ እህቱ የእትብት ደም አከሙት። እንዲህ ያለ ቤተሰብ አያመንታ።

ከረጢቱ እንዲሞላ ብሎ እትብቱን ቶሎ ማሰርም ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ደቂቃ በፊት እንዳይታሰር ይመክራል፤ ደሙ ለሕፃኑ ብረት ነው። የተረፈው ይቀዳ፤ ካልበቃም ይቅር።

«ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል» የሚሉም አሉ። ለወላድ የሚሰጠው ተራ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ላይ ለ35 ቀን ያህል ይቆያል። የእትብት ደም ግን ሌላ ነገር ነው። ጎጃም ውስጥ ላሙን ያስዳቀለ ገበሬ ይህን በዓይኑ አይቶታል። አዳቃዩ የኮርማ ዘር ይዞባት የሚመጣው ታንክ ክዳኗ ሲነሳ ነጭ ጉም ትተፋለች። ያ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። የእትብት ደምም በዚያው ናይትሮጅን ነው የሚቀመጠው።

ግን ከረጢቱን እንዳለ ናይትሮጅን ውስጥ መክተት ሴሎቹን መግደል ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ሴሉን ይቀደዋል። ስለዚህ ደሙ በተቀዳ በ48 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስና መዘጋጀት አለበት። እዚያ ስታርች ተጨምሮ ቀዩ ደም ይዘቅጣል፤ ፕላዝማውም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሴንትሪፉጅ በሚባል በፍጥነት የሚሽከረከር ማሽን ይቀነሳል። 100 ሚሊ ሊትር ገደማ የነበረው ወደ 20 ወይም 25 ይወርዳል። ከዚያ ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ ከጠቅላላው 10 በመቶ እስኪሆን ይጨመራል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ባለሙያ ሁሉን ያበላሻል። ዲኤምኤስኦ ከበረዶ ያድናል፤ ሙቀት ላይ ሲቆይ ግን ራሱ ሴል ይመርዛል። ስለዚህ ደሙ ቀዝቅዞ፣ ከረጢቱ በቀስታ እየተወዘወዘ፣ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚገባው። ማቀዝቀዙም በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል ነው። ታንክ ከገባ በኋላም ከረጢቱን ደጋግሞ ብቅ ማድረግ ይጎዳዋል። በደንብ የተያዘ ደም ግን ዕድሜው ረጅም ነው፤ 27 ዓመት ከቆየ ደም ውስጥ ሕያው ስቴም ሴል ተገኝቷል።

«ስንት ሚሊ ሊትር ወጣ?» ብሎ መርካትም አይበቃም። ጥያቄው ስንት ሴል አለ ነው። ንቅለ ተከላ የሚሠሩ ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ኪሎ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ያህል ኒውክሊየስ ያላቸው ሴሎች ይፈልጋሉ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 500 ሚሊዮን፣ 60 ኪሎ ለሆነ አዋቂ 1.5 ቢሊዮን ማለት ነው። ለአዋቂ አንድ ከረጢት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሁለት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ባንኩን የሲዲ34 (የስቴም ሴሎች መለያ ምልክት) ቁጥሩንና በሕይወት ያሉትን ሴሎች መጠን ጠይቁት። የማይመልስ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

የእናትየው የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስና የቂጥኝ ምርመራ እንዳይዘለል። ፈቃዷም ምጥ ከመጀመሩ በፊት ይጠየቅ።

አንዳንድ እናቶች «የልጄን እትብት ምን ላድርገው፣ ደጄ ላይ አልቀብረውም ወይ?» ብለው ይፈራሉ። የሚወሰደው ደሙ ብቻ ነው። እትብቱን ለመውሰድ ሆስፒታሉን ጠይቁ።

የመጨረሻው ስህተት፣ ለራስ ካልሆነ ይጣል ማለት ነው። የሕዝብ ባንክ ደሙን በነጻ ተቀብሎ ለሚገጥመው ሕመምተኛ ሁሉ ያቀርባል። አፍሪካዊ ዘር ያላቸው ሕመምተኞች የሚገጥም ለጋሽ ለማግኘት ከነጮቹ የበለጠ ይቸገራሉ። የእትብት ደም ደግሞ የለጋሽና የተቀባይ ሴል መግጠሙን ከሚያሳዩት 6 የኤችኤልኤ ምልክቶች 4ቱ ቢገጥሙ እንኳ ሊያገለግል ይችላል፤ መቅኔ ላይ ይህ ይከብዳል። ከእኛ ሰው የተሰጠ ከረጢት ለእኛ ሰው የመግጠም ዕድሉም ሰፊ ነው። ደሙን የሚቀዱት የተወሰኑ ሆስፒታሎች ናቸውና፣ ልጃችሁ እርግዝናዋ 34 ሳምንት ሳይሞላ የምትወልድበትን ሆስፒታል ትጠይቅ።