ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ እንዴት ይለመዳል? ከመጋጠሚያዎቹ ጀምሩ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ናሳ ወደ ማርስ የላካት አንዲት መንኮራኩር ከዘጠኝ ወር ጉዞ በኋላ ደረሰች። ደረሰችና ጠፋች። ምድር ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም የግፊቱን መጠን በፓውንድ አስልቶ ያወጣ ነበር። ቁጥሩን የተቀበለው ክፍል ደግሞ በኒውተን የተሰላ መስሎት ተጠቀመበት። አንድ ፓውንድ ወደ 4.45 ኒውተን ስለሆነ ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነው። መንኮራኩሯ ወደ ማርስ ከባቢ አየር ከታሰበው በጣም ዝቅ ብላ ገባች። ሁለቱም ቡድኖች ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ። በመካከላቸው የሚያልፈውን ቁጥር ግን በቅጡ የጠየቀ አልነበረም።

ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ የዚያ የ"መካከል" ሙያ ነው። የሜካኒክ ባለሙያው ብረቱን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሽቦውን፣ ፕሮግራመሩ ኮዱን ይሠራል። የሲስተም ኢንጂነር ሲገጣጠሙ እንዲሠሩ ያደርጋል። የዲዛይን ማኔጅመንት ደግሞ ወንድሙ ነው፦ ማን ምን ወሰነ፣ ለምን ወሰነ፣ የትኛው ንድፍ ነው የሚሠራበት የሚለውን ይይዛል።

ብዙ ጀማሪ ዲያግራም መሳያ ሶፍትዌር ከመጫን ይነሳል። ሳጥንና ቀስት ሲስል ሁለት ወር ያልፋል። እኔ በሌላ በኩል ግቡ እላለሁ።

1. ትንሽ፣ ግን ድብልቅ ነገር ምረጡ

ለምሳሌ ችግኝ በራሱ የሚያጠጣ መሣሪያ። የአፈር እርጥበት የሚለካ ሴንሰር፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ባትሪ፣ ሁሉንም የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ (ቦርድ) ከነኮዱ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ውሃም፣ ኤሌክትሪክም፣ ሶፍትዌርም አለበት። ከተቻለ ከጓደኛ ጋር ተከፋፍላችሁ ሥሩት። ብቻችሁን ከሠራችሁት አለመግባባት አይኖርም፤ ያለ አለመግባባት ደግሞ የዚህ ሙያ ግማሹ ያመልጣችኋል።

2. መፍትሔውን ሳይሆን ፍላጎቱን ጻፉ

"ፓምፕ ያስፈልጋል" መፍትሔ ነው። ፍላጎቱ "ባለቤቱ ለ10 ቀን ባይኖር ችግኙ እንዳይደርቅ" የሚል ነው። እንዲህ ሲጻፍ ምናልባት ፓምፕ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል፤ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚወርድ ውሃ ይበቃ ይሆናል። ፓምፑ የግድ ነው ካላችሁ ቀጥሉ።

አሁን ፍላጎቱን ወደሚለካ መስፈርት አውርዱት። "በቂ ውሃ ያጠጣል" አይሠራም። "በአንድ ጊዜ ከ180 እስከ 220 ሚሊሊትር ያፈሳል" ይሠራል። ከእያንዳንዱ መስፈርት ጎን "ይህን በምን አረጋግጣለሁ?" ብላችሁ መልሱን ጻፉ። መልስ ካጣችሁለት የጻፋችሁት ምኞት ነው። "ፈጣን"፣ "አስተማማኝ"፣ "ለአጠቃቀም ቀላል" የሚሉ ቃላት ሲመጡባችሁ እዚያው ያዟቸው።

ማድረግ የሌለበትንም ጻፉ። ውሃው ሲያልቅ ፓምፑ በደረቁ እንዳይዞር። የሴንሰሩ ሽቦ ሲበጠስ "አፈሩ ደርቋል" ብሎ ቤቱን እንዳያጥለቀልቅ። ጀማሪ የሚረሳው ይህንን ነው።

3. መጋጠሚያዎቹን በሠንጠረዥ አውጡ

መጋጠሚያ ማለት አንዱ ክፍል ለሌላው አንድ ነገር የሚያቀብልበት ቦታ ነው። ጊዜ የምታጠፉበት እዚህ ይሁን። ክፍሎቹን በረድፍም በዓምድም ደርድሩ። በእያንዳንዱ ሳጥን ከዚህኛው ወደዚያኛው የሚያልፈውን ጻፉ፦ ውሃ ነው? ኃይል ነው? መረጃ ነው? መለኪያው ምንድን ነው? ስንት? ኃላፊው ማን ነው? አንድ ክፍል ከራሱ ጋር የሚገናኝበትን ሳጥን ሳንቆጥር፣ አምስት ክፍል ካላችሁ 20 ሳጥን ይኖራል። አሥር ከሆነ 90። ሃያ ሲደርስ 380። ትልቅ ፕሮጀክት የሚከብደው ለምን እንደሆነ ይኸው ቁጥር ይነግራችኋል።

የእኛን ምሳሌ እንይ። ቦርዱ ፓምፑን "ተነስ" ይለዋል። ግን የቦርዱ ፒን (ሽቦ የሚያያዝበት እግሩ) የሚችለው ጥቂት አሥር ሚሊአምፔር ነው፤ ፓምፑ መቶዎች ይፈልጋል። ስለዚህ መሃል ላይ ትራንዚስተር ወይም ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ፣ ይግባ። እሺ፣ ገባ። አሁን ፓምፑ ሲነሳ የባትሪው ቮልቴጅ ለአፍታ ይወርዳል። ቦርዱ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ ኮዱ ከሀ ይጀምራል። አፈሩን ይለካል፤ ደረቅ ነው። ፓምፑን ያስነሳል። ቮልቴጁ ይወርዳል... እንዲህ እያለ ሌሊቱን ሲዞር ያድራል፤ ችግኙ አንድ ጠብታ አያገኝም።

ፓምፑ ደህና ነው። ቦርዱ ደህና ነው። ኮዱም ቢነበብ ስህተት የለበትም። "ከባትሪ ወደ ቦርድ" በሚለው ሳጥን ውስጥ "ፓምፑ በሚነሳበት ቅጽበትም ቢሆን ቮልቴጁ ከዚህ አይውረድ" የሚል አንድ መስመር ቢኖር ግን ሁሉም ነገር ገና ወረቀት ላይ ይታይ ነበር።

4. ሁለት ጊዜ ፈትሹ

አንደኛው ጥያቄ "እንደጻፍነው ሠራነው?" ነው። ሁለተኛው "የጻፍነው ራሱ ትክክል ነበር?" ነው። ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተነስታ በ40 ሰከንድ ገደማ አየር ላይ ፈነዳች። አቅጣጫ ጠቋሚው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የተወሰደና እዚያ በሚገባ የሠራ ነበር። አዲሷ ሮኬት ግን ወደ ጎን የምትፈጥነው ከአሮጌዋ በላይ ነው። ኮምፒውተሩ በ64 ቢት ሰፊ ቦታ የያዘው ቁጥር ወደ 16 ቢት ጠባብ ቦታ ሲቀየር አልበቃ አለና ተትረፈረፈ። ሶፍትዌሩ እንደተጻፈው ሠርቷል፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ሮኬት ነበር።

ስለዚህ መሣሪያችሁን ጠረጴዛ ላይ ፈትሻችሁ አትርኩ። እውነተኛ አፈር ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ሙሉ 10 ቀን ተዉት።

5. ውሳኔን መዝግቡ፣ ንድፉን ዝጉ

አንድ ደብተር ወይም ፋይል ይበቃል፦ ቀን፣ የተወሰነው፣ ሌሎቹ አማራጮች ለምን እንደቀሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ "ይህን ሪሌይ ማነው የመረጠው?" ሲባል ከጭቅጭቅ ያድናችኋል። ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ንድፉን ዝጉ፤ "የምንሠራው ይህንን ነው" ብላችሁ ቁረጡ። መቀየር ይቻላል፤ ግን ለውጡ የትኞቹን ሳጥኖች እንደሚነካ ሳይታይ አይሁን።

ሁላችሁም በአንድ የንድፍ ሶፍትዌር፣ በአንድ ዕትም መሥራታችሁንም አረጋግጡ። ኤርባስ ኤ380ን ሲሠራ የጀርመንና የፈረንሳይ ቡድኖች በአንድ የንድፍ ሶፍትዌር የተለያዩ ዕትሞች ይሠሩ ነበር። ገመዶቹ አውሮፕላኑ ውስጥ ሲዘረጉ አልገጥም አሉ። ርክክቡ ከዓመት በላይ ዘገየ።

6. መጽሐፉን አሁን ክፈቱ

ናሳ የሲስተምስ ኢንጂነሪንግ መመሪያውን በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ከዳር እስከ ዳር አታንብቡት፤ የተቸገራችሁበትን ምዕራፍ ፈልጉ። የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር ኢንኮሲ (INCOSE) ይባላል፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ምስክር ወረቀቱ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ ቀጣዩ ግን ቢያንስ 5 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ደብተሩንና ሠንጠረዡን እንዳትጥሏቸው፤ ሥራ ስትጠይቁ "ምን ሠርታችኋል?" ለሚላችሁ ሰው የምታሳዩት እነሱን ነው።