የግል የፎቶ ሥራን ታሪክ መጻፍ፦ በአሞራ ገደል መረብ ጠጋኞች ምሳሌ

ፎቶ አንሺዎች የግል ሥራቸውን ለሰው ሲያሳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገሩት «እስቲ ስለ ሥራው ንገሩን» ሲባሉ ነው። መልሱ «ከልጅነቴ ጀምሮ ካሜራ እወድ ነበር» ይሆንና አድማጩ ስለ ሥራው ምንም ሳያውቅ ይቀራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታሪኩ ፎቶው ተነሥቶ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ነገር ተደርጎ ይታሰባል። ያኔ ደግሞ ስም ተረስቷል፣ ቀን ተምታቷል፣ ያ ፎቶ ለምን ከዚያ ጥግ እንደተነሣ የሚያስታውስ የለም። ታሪኩ መሰብሰብ ያለበት ፎቶው በሚነሣበት ዕለት፣ እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ምሳሌ እንዲሆነን የሀዋሳውን የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ እንውሰድ። ሀዋሳ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ እዚያ ይሄዳል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች፣ ጀልባዎቹ፣ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ የሚልጡት ልጆች በሺህ ጊዜ ተነሥተዋል። ስለዚህ «የአሞራ ገደል ሕይወት» የሚል ሥራ ታሪክ የለውም፤ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ታሪክ የሚመጣው ጥያቄው ሲጠብ ነው። «ሌሊት የተቀደደ መረብ እስከ ማታ እንዴት ይደርሳል?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ብትገቡ የት እንደምትቆሙ፣ ማንን እንደምታናግሩ፣ ምን እንደምትተዉ ወዲያው ታውቃላችሁ። ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ቀኑንም አስፍሩ። በኋላ ጥያቄው ከተቀየረ አትሰርዙት፣ ከሥሩ አዲሱን ጻፉ። ጥያቄው የተቀየረበት ቀን ራሱ የታሪኩ ግማሽ ነው።

ከጥያቄው ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት ደንብ ለራሳችሁ አውጡ። ለምሳሌ፦ አንድ ሌንስ ብቻ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ አይነሣም፤ ፎቶው የሚነሣው ቁጭ ተብሎ በጠጋኙ ዓይን ከፍታ ነው፤ ዓሣ በፎቶው ውስጥ አይገባም። የመጨረሻው ደንብ ከባድ ይመስላል፤ ግን ተመልካች «የዓሣ ገበያ ሆኖ ዓሣው የታለ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ደንብ የሌለው ሥራ ሲጠየቅ የሚመልሰው ነገር የለውም።

ጠዋት፣ ቦታው ላይ

ሀዋሳ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች፤ ስትወጣም ቀጥ ብላ ነው። ለስላሳው ብርሃን ከ40 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ 2፡30 ገደማ ፊት ላይ ጠቆር ያለ ጥላ መጣል ይጀምራል። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ወደ ውኃው ፊታችሁን ስታዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት። ፊትና እጅ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን የራሳችሁ ረጅም ጥላ ሰውየው ላይ ይወድቃል። ቁጭ ማለት ጥላውን ያሳጥረዋል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መሸሽ ደግሞ ያወጣዋል። የተሰቀለ መረብ በብርሃን ተወግቶ እንዲያበራ ከፈለጋችሁ ግን ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ፀሐይ በሐይቁ በኩል ትሆናለች። የ3 ሰዓቱን ደንብ ከያዛችሁ ግን ይህ ፎቶ ይቀራል።

መረብ ለካሜራ አስቸጋሪ ነገር ነው። አውቶ ፎከስ (ካሜራው በራሱ የሚያጠራበት ዘዴ) ከሰውየው ፊት ይልቅ ከፊቱ ያለውን ክር ይይዛል፤ በትንሹ ስክሪን ላይ ደህና የመሰለው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዓይኑ የደበዘዘ ሆኖ ይገኛል። ፎከሱን ወደ አንድ ነጥብ ቀንሱና ነጥቡን ዓይኑ ላይ ወይም መርፌውን የያዘው እጅ ላይ አድርጉ፤ ካልሆነ በእጅ ፎክሱ። በስልክ የምታነሡ ከሆነ ፖርትሬት ሞድን አጥፉት። ጀርባውን ለማደብዘዝ ሲል የመረቡን ጠርዝ ይበላዋል፣ ግማሹ ክር ጠፍቶ ይቀራል።

በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለት ሜትር ያህል ተጠግታችሁ ብትቀመጡ ጠጋኙን ሙሉ በሙሉ ታዩታላችሁ፦ መረቡ በእግር አውራ ጣት ተወጥሮ፣ ግራ እጅ የመረቡን ዓይን ሲከፍት፣ ቀኝ እጅ ናይለን ክር የተጠቀለለበትን መርፌ ሲያሾልክ፣ ቋጠሮው ሲጠብቅ ትከሻው ትንሽ ወደ ኋላ ሲል። ያ የትከሻ እንቅስቃሴ ነው ፎቶው። ለእጁ የመዝጊያ ፍጥነት 1/250 ሰከንድ፣ የሌንስ ክፍተት ኤፍ 4፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት አይ ኤስ ኦ 400 መነሻ ይሁናችሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ከሆነ ኤፍ 2፣ 1/125 እና አይ ኤስ ኦ 1600። ነጭ ነገር፣ ለምሳሌ የአባ ኮዳ ደረት፣ ወደ ፍሬሙ ከገባ ብርሃኑን ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንሱ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)፤ አንዴ የነጣ ላባ በኋላ አይመለስም።

ከሚልጡት ልጆች አጠገብ ስታልፉ ሌንሱን ክደኑ። የሚፈናጠረው ቅርፊት መስታወቱ ላይ ሲደርቅ ይጣበቃል፤ ደረቅ ጨርቅ ከተጠቀማችሁ ይፋቃል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ ንፉት፣ ከዚያ በእርጥብ የሌንስ ጨርቅ አርሱት፣ መጥረግ በመጨረሻ ነው።

ራው ፋይሉን፣ ማለትም ካሜራው ሳይነካካ ያስቀመጠውን የመጀመሪያ ፋይል፣ አትጣሉ። ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ለአንድ ራው 25 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፤ 300 ፎቶ ያነሣችሁበት ጠዋት 7.5 ጊጋ ባይት ነው ማለት ነው። እንደ ዎርልድ ፕሬስ ፎቶ ያሉ ውድድሮች በመጨረሻው ዙር የመጀመሪያውን ፋይል ያስመጣሉ፤ ከፎቶው ላይ ነገር ማጥፋትም ሆነ መጨመር ከውድድር ያስወጣል። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ሰው ቤት። ሃርድ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ መያዝ ሁለቱን አንድ ላይ ማጣት ነው።

ደብተሩ

ኪስ የሚገባ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ከማንሣት በፊት ሰላምታ ይቀድማል። ትልቁን «ጋሼ»፣ እናቶችን «እትዬ» ብላችሁ፣ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ እንዳለ፣ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ። ብር የሚጠይቅ ይኖራል። ለፎቶ ገንዘብ መክፈል ከተጀመረ በማግስቱ የሚጠግን ሰው ሳይሆን የሚጠግን መስሎ የሚቀመጥ ሰው ታገኛላችሁ። የሚሻለው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የታተመ ፎቶ መመለስ ነው፤ ያላችሁትን ቀን ካከበራችሁ በር ይከፍትላችኋል።

ለእያንዳንዱ ሰው የምትጽፉት ይህን ነው፦ ሙሉ ስም እሱ እንዳለው፣ ዕድሜ፣ ምን እየሠራ እንደነበር፣ የፋይሉ ቁጥር፣ ፈቃዱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ። ለኤግዚቢሽን «እሺ» ያለ ሰው ለማስታወቂያ እሺ አላለም። ሕፃን ከሆነ ወላጁን አናግሩ፤ ወላጅ ካልተገኘ ፊቱ ሳይለይ እጁን አንሡ።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሜራው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በአውሮፓ ቀን ነው የሚሠራው፤ 2025-10-24 7:20 ብሎ የመዘገበው በእኛ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1፡20 ነው። ደብተሩ ላይ በኛ አቆጣጠር ጻፉ፣ ካሜራውን አትንኩት፣ ማመሳሰሉን ማታ ቤት ስትገቡ አንዴ ሥሩት። የፋይል ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል በላቲን ፊደል ይሁን፤ በአንዳንድ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ወደ ባዶ ሳጥን ይለወጣል።

ስታነጋግሩ «ለምን ይህን ሥራ መረጡ?» አትበሉ፤ ንግግር ይሰጧችኋል። «ዛሬ ጠዋት መረቡን ስትጎትቱ መጀመሪያ ምን ወጣ?»፣ «ይህን ምን ቀደደው፣ ግንድ ነው ጉማሬ?»፣ «ቋጠሮውን ያስተማረዎት ማን ነው?» በሉ። በስልክ ቅዱ፣ ግን ስልኩን እያሳያችሁ። ሰውየው በሲዳሙ አፎ ቢመልስ ይቀጥል፤ በኋላ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ቃል በቃል ጻፉት። እዚያው ቆሞ «እንዲህ ማለቱ ነው» የሚል ጎረቤት ሲተረጉም ብዙ ይጥላል።

አንድ ዓመት መቆየት ከቻላችሁ ቆዩ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ የመረቡም ሥራ አብሮ ይበዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ ጠዋቱን ያጨልመዋል፤ ያ ወቅት የሌለበት ሥራ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

መምረጥ

በስክሪን አትምረጡ። 60 ያህሉን 10 በ15 አሳትማችሁ መሬት ላይ ዘርጉ፣ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ተመሳሳይ ነገር የሚናገሩ ሁለት ፎቶዎች ካሉ አንዱ ይውጣ። ከ12 እስከ 15 ይበቃል። የምትወዱት ፎቶ ግን ጥያቄውን የማይመልስ ከሆነ ይውጣ፤ የወጣበትን ምክንያት ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ትፈልጉታላችሁ።

መጻፍ

መጀመሪያ የፎቶ መግለጫዎቹን ጻፉ፣ ዋናውን ጽሑፍ በመጨረሻ። «ታታሪው ዓሣ አስጋሪ በሥራ ላይ» መግለጫ አይደለም፤ ታታሪ መሆኑን ፎቶው ካላሳየ ቃሉ አያድነውም። እንዲህ ይሁን፦ ከስሙና ከዕድሜው ቀጥሎ፣ «ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1፡20፣ አሞራ ገደል፣ ሀዋሳ። ሌሊት ጉማሬ የቀደደውን መረብ በናይለን ክር ይጠግናል። ቀዳዳው ሁለት ክንድ ያህል ነው፤ ካልተጠገነ ማታ ወደ ሐይቅ አይመለስም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ፎቶው ሊያሳየው የማይችለውን ይጨምራል። የእናንተ መግለጫ ይህን ካልጨመረ ገና አላለቀም።

ዋናው ጽሑፍ ከ250 እስከ 300 ቃል ይበቃዋል። እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦ «እነዚህ 14 ፎቶዎች የተነሡት አሞራ ገደል ላይ መረብ ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር ነው። ሁሉም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ በአንድ ሌንስ፣ ቁጭ ተብሎ ተነሥተዋል። ዓሣ በአንዱም አይታይም።» ከዚያ ጥያቄው ምን እንደነበር፣ የትኛው ቀን ላይ ለምን እንደተቀየረ፣ ምን እንደተተወ ይቀጥላል። ስለ ሐይቁ መናገር ካስፈለገ ጥያቄውን የሚነካውን ብቻ ውሰዱ። ሐይቁ ጥቁር ውኃ ከተባለው ወንዝ ይመገባል፣ በገጸ ምድር ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የተጣለ የናይለን ቁራጭ ጠርጎ የሚወስድለት ጅረት ስለሌለ ይህ ለመረብ ታሪክ ይገባል። የሐይቁ ስፋትና የከተማው የቱሪስት መስህብነት አይገባም።

«ነፍስ»፣ «ጉዞ»፣ «ዝም ያለ ጩኸት» የሚሉትን ቃላት በመጀመሪያው ንባብ አውጡ። ከዚያ ጽሑፉን ፎቶ ለማያነሣ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ «ማለት?» ያለበትን ቦታ ብቻ አስተካክሉ።

ማሳየት

በ2010 እ.ኤ.አ. በፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ተመሥርቶ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የቆየው አዲስ ፎቶ ፌስት የመሰለ መድረክ ትልቅ ዕድል ነው። የመጀመሪያው ተመልካች ግን ጠጋኞቹ ይሁኑ። 30 በ45 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም ፋይሉ ቢያንስ 2362 በ3543 ፒክስል ይሁን፤ ያ በ200 ዲ ፒ አይ (በአንድ ኢንች 200 ነጥብ) ነው። ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል። ሹልነቱን እንዳይጨምሩት ንገሯቸው፣ የመረቡ ክር እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል።

ፎቶዎቹን አስለብጣችሁ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ ስቀሉ። ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ያወርዳቸዋል። መግለጫውን ከሥር ለጥፉ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ አንብቡለት። እርማት ይመጣል፦ ስሙ በሌላ ፊደል ነው፣ ያ መረብ የእሱ ሳይሆን የወንድሙ ነው፣ ሰዓቱ ያ አልነበረም። በእርሳስ እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ የመጨረሻውን ቅጂ የምታሳትሙት ከዚያ በኋላ ነው።