የአኳሪየም ተክል ቅጠሉን ሲያረግፍ ቶሎ አትንቀሉት

ደብረ ብርሃን ላይ አኳሪየም (የዓሣና የውሃ ተክል የመስታወት ገንዳ) ያላችሁ፣ አዲስ የተከላችሁት ተክል በሳምንቱ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልሞ ቢረግፍ አትደንግጡ። በተለይ ክሪፕቶኮሪን የሚባለው የውሃ ተክል የውሃው ሁኔታ ሲለወጥበት አይወድም። እኔ የመጀመሪያዬን ሞተ ብዬ ነቅዬ ጣልኩት፤ ሥሩን ሳየው ለካ ነጭና ጠንካራ ነው! የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ በመቀስ ቁረጡና ተዉት። ሳምንታት ይፈጅ ይሆናል እንጂ ከሥሩ አዲስ ያወጣል።

የእኛ አገር ሌላው ጣጣ ብርዱ ነው። ማታ መብራት ሲሄድ የውሃ ማሞቂያው (ሂተሩ)ም አብሮ ይሄዳል። እኔ ገንዳውን ዙሪያውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ (እናቴ አላየችም)። ውሃው ከ22 ዲግሪ ባይወርድ ጥሩ ነው።

ተክላችሁ አኑቢያስ የሚባለው ከሆነ ደግሞ ወፍራሙን አግዳሚ ግንድ አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት፤ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ በክር እሰሩት።